ከማብሪያው ጀርባ የተገኘው ክር

የሺወርቅን ለማግኘት ሰበታ ውስጥ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። በጅማ መንገድ መጥቶ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ያለ ሰው፣ በረንዳ ላይ የተሰቀለ የአገር ልብስ ቀሚስ ካየ ቤቷን አገኘ ማለት ነው። ሥራዋ ጥልፍ ነው። ሰው የመስቀሉን ማማርና የሐረጉን አካሄድ አይቶ ያደንቃታል፤ እሷ ግን የምትኮራው በጨርቁ ጀርባ ነበር። የሌላ ሰው ሥራ ሲያሳዩዋት ፊቱን አታይም፤ ትገለብጠዋለች። ጀርባው በተዝረከረከ ክር ተሞልቶ ካገኘችው «ይኼ ፊቱ ይዋሻል» ብላ ትመልሰዋለች። በዚህ ጠባይዋ ስንት ባለሙያ እንዳኮረፋት ቤት ይቁጠረው።

የእሷ ጀርባ ንጹሕ ነው። ክሩን ሁለት አድርጋ ታከረዋለች፤ እንዳይፈታ በሰም ታሸዋለች፤ ሲያልቅ ወደ ግራ ሦስት ጊዜ አዙራ ትቋጥረዋለች። ቋጠሮውን ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ ያን ቋጠሮ የሚያውቅ ከየሺወርቅ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም ወንድሟ ብዙነህ ነው።

ወንድሟ ይባል እንጂ ልጇ ነው ማለት ይቻላል። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት በተስቦ ሲሞቱ የሺወርቅ አሥራ ስድስት፣ ብዙነህ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ እሷን ወደ አንዱ አጎት፣ እሱን ወደ ሌላው ለማከፋፈል ሲመካከር፣ የእናቷን የክር ሳጥን ታቅፋ መሐላቸው ቆመችና «እኛ የትም አንሄድም» አለች። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱም እዚያው ቆማ ነበር። መርፌዋን ይዛ አሳደገችው፤ ጫማውም፣ ደብተሩም፣ የሰንበት ልብሱም ከዚያች መርፌ ወጣ።

ልጁ ፈጣን ነበር፤ እጁ ሥራ ይወዳል። አንድ እንከን ብቻ ነበረበት። ከጓሮ በርበሬ ቀጥፈህ አምጣ ስትለው፣ የቀላውንና ያልቀላውን ደባልቆ ያመጣል። መጀመሪያ ስንፍና መስሏት ቆነጠጠችው። ኋላ ግን ቀይና አረንጓዴ ክር ፊቱ አስቀምጣ «ቀዩ የትኛው ነው?» ብትለው ሁለቱንም አገላብጦ አይቶ አይቶ አለቀሰ። ለእሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሰማያዊን ግን ከሩቅ ይለያል። የሺወርቅ አቅፋ «ይኼ የኔና ያንተ ነው፤ ለማንም አንነግርም» አለችው።

እንግዲህ ይኼ ልጅ አድጎ፣ ከዓለም ሥራ ሁሉ መርጦ የገባው የመብራት ሥራ ውስጥ ነው! ቡራዩ ከነበረ አንድ ጣሊያን እግር ሥር ተቀምጦ ሽቦ መዘርጋት ተማረ። የሺወርቅ ነገሩ የገባት አንድ እሁድ ሥራውን ሲያስረዳት ነው። «ቀዩ ሽቦ እሳት ያለበት ነው፤ አረንጓዴው መሬት የሚገባው ነው፤ እነሱን ያምታታ ሰው ወይ ራሱን ይገድላል ወይ ባለቤቱን» አላት። «አንተስ በምን ልትለያቸው ነው?» ብትለው አቀረቀረ። ሦስት ቀን ስታስብ ከረመችና በሰም ያሸችውን ሰማያዊ ክር በስንጥር እንጨት ላይ ጠምጥማ ሰጠችው። «መጀመሪያ በመፈተሻው አምፑል እሳት ያለበትን ፈልግ። ስታገኘው ይኼን እሰርበት። ከዚያ በኋላ ቀለም አትይ፤ ክሬን እይ» አለችው። ቋጠሮውንም እጁን ይዛ አስተማረችው። ሌላ ቋጠሮ ሊላላ ይችላል፤ የእናታቸው ቋጠሮ አይላላም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ የእነሱ ቀን ሆነ። ብዙነህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከቡራዩ ይመጣል፤ ይበላል፤ ያወራል፤ ሲነሳ እጁን ዘርግቶ «እታለም፣ ክሬስ?» ይላል። እሷም አዘጋጅታ ያስቀመጠችውን ትሰጠዋለች።

ምስጢሩን ከሁለቱ ሌላ ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሺወርቅ ራሷ የነገረችው ባሏ ተድላ። በተጋቡ በዓመቱ ብዙነህ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የመብራት ሠራተኛ ሆኖ ለመቀጠር ፈተና ሊገባ ነው፤ ፈተናው ላይ ባለ ቀለም ሽቦዎች ደርድሮ ማሳየት ነበረበት። የሺወርቅ ጭንቅ ሲላት ባሏን አስምላ ነገረችው። ተድላ ፈታኙን ያውቀው ኖሮ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለው መሰለኝ፣ ብዙነህ ተራው ሲደርስ ሽቦውን ሳይጠየቅ አለፈ። ዕድሌ ነው ብሎ ሲገረም የሺወርቅ ዝም አለች። ልጁ ማንም አያውቅብኝም ብሎ በሰላም እንዲኖር ፈልጋ ነበር።

ተድላ ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። አይጠጣም፤ አይሳደብም። በጎጃም መንገድ በሚሠራ የመንገድ ተቋራጭ ዘንድ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለነበረ አንድ ሳምንት ካምፕ፣ አንድ ሳምንት ሰበታ ይውላል። ያንን ማንም ሰው ሥራ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ልጅ አልወለዱም፤ አንድ ጊዜ አርግዛ ወጥቶባት ነበር፤ ተድላም አንድ ቀን እንኳ በዚህ አላስከፋትም። የሚወደው ነገር ሬድዮ ነው። ዜናውን አልጋ ላይ ሆኖ ሰምቶ ያንቀላፋል፤ ተነስቶ ማጥፋት ግን ሞቱ ነው፤ «ብርዱ!» ይላል።

ብዙነህ ለዚህ አንድ ዘዴ ሠራለት። ሬድዮኑ ከሚሰካበት ሶኬት እሳት ያለበትን ሽቦ ቆርጦ፣ ከአልጋው በግራ በኩል፣ ከትራሱ አንድ ክንድ ዝቅ አድርጎ በገጠመው ማብሪያ በኩል አሳለፈው። ማብሪያው ሲጫን ሶኬቱ ይሞታል፤ ሬድዮኑ ጸጥ ይላል። ተድላ እንደ ሕፃን ደስ አለው። የሺወርቅን ያስደሰታት ግን ብዙነህ ሽፋኑን ከመግጠሙ በፊት ሽቦው ላይ የታሰረችውን ሰማያዊ ክር ጠርቶ ማሳየቱ ነው። «ጀርባውን እዪ እንጂ!» አላት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት የየሺወርቅ ዓይን ታመመ። መርፌ ለመሥራት ብርሃን ትፈልጋለች፤ የአምፑሉ ብርሃን ደግሞ ዓይኗን እንደ ሽንኩርት ያስለቅሰዋል። ሐኪሙ «ከሥራ በኋላ በደበዘዘ ብርሃን ዕረፊ» አላት። በደበዘዘ ብርሃን! ኩራዙን ያወጡት አምፑል ገባ ብለው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ተድላ ከፒያሳ በካርቶን የተጠቀለለ ዕቃ ይዞላት መጣ። እንደ ማብሪያ ግድግዳ ላይ ይገጠማል፤ ግን የሚጫን ሳይሆን የሚዞር ነጭ ጉብ አለው። ወዲህ ሲያዞሩት ብርሃኑ ይጨምራል፤ ወዲያ ሲያዞሩት ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ብዙነህ «ዲመር» ይለዋል። እሁድ ሲገጥመው ከእጁ አመለጠና ወለሉ ላይ ወድቆ ከጉቡ ጠርዝ የምስር ፍሬ የምታህል ተሸረፈች። «ግድ የለም፤ ምልክት ትሁነው» አለች የሺወርቅ።

ያን ቀን ጉቡን ስታዞር ብርሃኑ ልክ ጀምበር ስትጠልቅ እንደሚሆነው እየሳሳ ሄደ። ዓይኗ አላለቀሰም። እንዲህ ያለ ዕረፍት ሦስት ወር አላየችም ነበር፤ ባሏንም ወንድሟንም መረቀቻቸው። አራት ቀን እንዲህ ተደሰተችበት። በአምስተኛው ቀን፣ ጎረቤት ሄዳ ስትመለስ፣ ብዙነህ ያለ ቀኑ መጥቶ ቤቷ ውስጥ ቆሞ ነው። በዲመሩ ቦታ የድሮው ማብሪያ ተመልሷል።

«ተቃጠለ፣ እታለም። የሰበታ መብራት ይዋዥቃል፤ አልቻለውም። ጭስ ይሸታል ብሎ ተድላ ጠራኝ።»

ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የሺወርቅ ያዘነችው ለዲመሩ ሳይሆን ለእሱ ነው። «ዕቃ ነው፤ አንተን አላቃጠለህ» ብላ አጽናናችው፤ ቡና እንኳ ሳይጠጣ የሄደውን ልጅ በር ድረስ ሸኘችው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሥራ ስትጨርስ አምፑሉን አጥፍታ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ዓይኗን አሳረፈች። ጎረቤቶቿ ስስታም ነች አሉ።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ከጥቅምት አንድ ሐሙስ፣ የሙሽራ ካባ ይዛ ሱሉልታ ወጣች። ካባውን ያዘዙት የእህል ነጋዴዋ ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። የሺወርቅ ወደ ሱሉልታ ስትሄድ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የእንጦጦን ዳገት በአውቶቡስ ስትወጣ ብርዱ አጥንቷ ገባ፤ ተድላ በዚህ ብርድ ካምፕ ውስጥ እንዴት እንደሚያድር አስባ አዘነችለት። ወይዘሮ ጠጅቱ ካባውን ገልብጠው ጀርባውን አዩ፤ በዚህ ወዲያው ወደደቻቸው። ቤት ውስጥ አምፑል ሲያበሩ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

«ብርሃን አይችልም፣ እትዬ ጠጅቱ። አይጨነቁ።»

«ኮቱ! ነይ፣ አንድ ጉድ ላሳይሽ። እዚህ አጥራችን ጋ አንዲት ልጅ አለች፤ መብራቷ እንደ ፋኖስ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት ሲገባ አገሩ ሁሉ እሱን ሊያይ ተሰልፎ ነበር። ባልሽ ይግዛልሽ።»

የሺወርቅ እየሳቀች ተከተለቻቸው። እኔም ነበረኝ፣ ተቃጠለብኝ እንጂ፣ አለቻቸው።

ልጅቷ ገለቴ ትባላለች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ልጅ አዝላለች። «አካም ጅርቱ፣ ግቡ ግቡ» ብላ ወንበር አቀረበችላቸው። ቤቱ ትንሽ ነው፤ የታጠበ ሲሚንቶ፣ አንድ አልጋ፣ ጥግ ላይ የሚያወራ ሬድዮ። ወይዘሮ ጠጅቱ የራሳቸው ዕቃ ይመስል ወደ ግድግዳው እያመለከቱ «አዙሪው፣ አሳዪያት» አሏት።

ገለቴ አዞረችው፤ ብርሃኑ እየሳሳ ሄደ። የሺወርቅ ቀረብ አለችና ጣቷን ጉቡ ጠርዝ ላይ አደረገች። ምስር የምታህል ስብራት ጣቷ ሥር ገባች።

መጀመሪያ የመጣላት፣ ብዙነህ ሸጦታል የሚል ነው። እጅ አጥሮት ይሆናል፤ አፍሮ ይሆናል፤ ቢነግረኝ ምን ነበረበት፤ ኧረ ይሁን። እዚያው ቆማ ይቅር አለችው። እሱን ይቅር ለማለት እስትንፋስ የምታህል ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም።

«ይኼ ግን ላልቷል» አለች፣ ሽፋኑ በአንድ ብሎን ብቻ ተንጠልጥሎ ስታይ።

«ዳዲ ጎትቶት ነው፣ እትዬ» አለች ገለቴ፣ ያዘለችውን ልጅ ወደ ኋላ መታ መታ እያደረገች። «የሠራው ሰው እስኪመጣ እየጠበቅን ነው።»

«እሱ እስኪመጣ ልጁ እጁን ይሰዳል። ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ ዝጊው፤ እኔ አጠብቀዋለሁ። ወንድሜ የመብራት ሠራተኛ ነው።»

ገለቴ ዘጋችው። ሬድዮኑ ጸጥ አለ። የሺወርቅ የጥልፍ መቀሷን አውጥታ፣ ብሎኑን ለማግኘት ሽፋኑን ወደ በሩ ብርሃን ገለበጠችው። የሁሉን ነገር ጀርባ ማየት ልማዷ አይደል! እዚያ፣ በአንደኛው ሽቦ ላይ፣ ሁለት ሆኖ የተከረረ፣ ሰም የጠጣ ሰማያዊ ክር ነበር። ወደ ግራ ሦስት ጊዜ ዞሮ ተቋጥሯል።

ሸጦት አይደለም። በእጁ ነው የገጠመው። በእሷ ክር።

«ማን ነው የሠራልሽ?» አለች። ድምጿ እንዳይለወጥ ብሎኑን እያጠበቀች ነው የጠየቀችው።

«አበልጃችን ነው። ዳዲን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው። የአባ ዳዲ የልብ ጓደኛ ነው፤ ቡራዩ ነው የሚኖረው።» እንደ አገሯ ልማድ የባሏን ስም አትጠራም፤ በልጁ አባትነት ነው የምትጠቅሰው። «ደግ ሰው ነው፤ ግን ያሳዝናል። እናትና አባቱ ልጅ ሳለ በተስቦ ሞቱበት። እህት የለው፣ ወንድም የለው። ዓውደ ዓመት ሲሆን የት ይሂድ? እኛ ጋ ይመጣል።»

የሺወርቅ መቀሷን ዘግታ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ወይዘሮ ጠጅቱ «ምስኪን» አሉ።

ገለቴ ቆጣሪው ጋ ሄዳ መብራቱን መለሰችው። ሬድዮኑ እንደገና ጮኸና ልጁ ነቅቶ አለቀሰ። «ውይ!» ብላ ወደ አልጋው ሮጠች፤ ሬድዮኑ ግን አልጋው ጋ አልነበረም። ጎንበስ ብላ፣ ከአልጋው በግራ በኩል፣ ከትራሱ አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ማብሪያ ተጫነች። ሬድዮኑ ዝም አለ።

«ይኼስ?» አለች የሺወርቅ።

«እሱንም አበልጃችን ነው የሠራው።» ገለቴ ሳቀች። «አባ ዳዲ ዜና ሰምቶ ነው የሚተኛው። ተነስቶ ማጥፋት አይወድም፤ ብርዱ ይላል። በመንገድ ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ሳምንት ካምፕ ይውላል፣ አንድ ሳምንት እዚህ። ነገ ደግሞ ይሄዳል፤ አሁን ሥራ ላይ ነው እንጂ ቢኖር ያያችሁ ነበር።»

የሺወርቅ ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙ አላስታወሰችም። ገለቴ ወተት እንዳቀረበች ታስታውሳለች፤ እንዳልጠጣችውም። ልጅቷን ለመጥላት ፊቷን አየችው፤ ክፋት ፈለገችበት፤ አጣች። «ገለቶማ፣ እትዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄን አተረፉልኝ» እያለች እስከ አውቶቡሱ ሸኘቻት።

የተድላን ነገር አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል፤ ረጅም አይደለም። ዓርብ ከ«ካምፕ» መጣ፤ ብርዱን አማረረ፤ እግሩን ታጠበ። አመሻሽ ላይ ተጋድሞ ዜናውን ሰማ። ሲያበቃ ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ወደ ግራ ዝቅ አድርጎ ማብሪያውን አገኘው። የሺወርቅ ያን እጅ ነበር የምታየው። ምንም አይፈልግም፣ አይዳብስም፤ በሁለት ቤት የለመደው ቦታ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ ተለያዩ፤ ልብሱንና ሬድዮኑን ይዞ ሄደ። ማብሪያው ግን እዚያው ቀረ፤ ምንም ያልተሰካበት ሶኬት ሲያበራና ሲያጠፋ ይኖራል። ባሏ ከድቷት ነበር፤ አመማት፤ ለቅሶም ነበረው። ነገር ግን ባል የዛሬ ሰባት ዓመት የመጣ ሰው ነው። ዓርብም ቅዳሜም አፏን ዘግታ የቆየችው እሁድን እየጠበቀች ነው።

እሁድ ብዙነህ እንደ ልማዱ መጣ። ተድላ ማኅበር ሄዷል። ብዙነህ ሙዝ ይዞላት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ዓይንሽ እንዴት ሰነበተ፣ እታለም?» አላት።

«የሱሉልታውን ብሎን አጥብቄልሃለሁ» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ገባው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ልጁ እጁን ሊሰድበት ነበር» አለች የሺወርቅ። «ሌላው ሥራህ ግን ደህና ነው። ጀርባውን አይቼዋለሁ።»

«እታለም...»

«ዲመሩ ተቃጠለ ያልከኝ ቀን እኔ ነኝ ያጽናናሁህ።»

«ተድላ አስገድዶኝ ነው! በእግዚአብሔር! ገለቴ ልትወልድ ደርሳ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል አለችው፤ ‹ያንን ፍታና እዚያ ግጠም› አለኝ። እንቢ አልኩት። ከዚያ...» ድምፁ ወረደ። «ዓይኔን ያውቃል፣ እታለም። ቀይና አረንጓዴ እንደማልለይ ያውቃል። ‹ለአለቃህ አንድ ቃል ብናገር ነገ ጎዳና ላይ ነህ› አለኝ። እኔ አልነገርኩትም። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም።»

የሺወርቅ ውሸት ብትፈልግ ብዙ ነበረ፤ ፈታኙ ነው ማለት ትችል ነበር።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች። «ለፈተናው። እንዲረዳህ ብዬ። አስምዬው ነበር።»

ብዙነህ ቀና አለ። የሺወርቅ ከዚያ ቀን ሁሉ እስከ ዛሬ የማትረሳው ያንን ፊት ነው። አልተቆጣም፤ አላዘነም። ከትከሻው ሸክም የወረደለት ሰው ፊት ነበር። ዓይኑ ውስጥ ሳቅ የሚመስል ነገር እንኳ መጣ።

«እንግዲያ አንቺው ነሽ!» አለ። «አየሽ? እንግዲያ ሁለታችንም... አንዳችን ባንዳችን ላይ ምን እንላለን? እሱ ነው የተጫወተብን። ይቅር ተባብለን...»

«እኔ የተናገርኩት አንተ እንድትቀጠር ነው።»

«እኔም ዝም ያልኩት...»

«አንተ ዝም ያልከው እንዳትባረር ነው።»

ብዙነህ ሙዙን ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ አዟዟረው። ከደጅ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል።

«ይሁን» አለች የሺወርቅ። «አፍህን ዘጋው እንበል። እንጀራህ ነው፤ ፈራህ። ዝም በማለትህ ብቻ ቢሆን ዛሬ ምሳ አቀርብልህ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ፊቴ ተቀምጠህ በልተሃል፤ እሱንም እውጠዋለሁ። ልጁን ክርስትና ማንሳትህንም፣ ሕፃን ምን አጠፋ፣ እውጠዋለሁ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። እህት የለኝም ያለውስ የማን አፍ ነው?»

ብዙነህ ከሙዙ አንዱን ገንጥሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ተድላ ነው እህት የለኝም በል ያለህ?»

«አላለኝም» አለ በመጨረሻ። እንባው ሊመጣ ደርሷል። «ገለቴ ዘመድ ትወዳለች። እህት አለኝ ብላት ላግኛት ትላለች፤ አምጣት ትላለች። ነገሩ ቀለለኝ ብዬ ነው። ቃል ናት እንጂ...»

«ተስቦውንስ ነግረሃታል። እናትና አባታችንን ነግረሃታል። ማን አሳደገህ ስትልህ ምን አልካት?»

«አልጠየቀችኝም።»

የሺወርቅ ራሷን ነቀነቀች። የእናቷ የክር ሳጥን መስኮቱ ላይ ነበር፤ እሱን ስታይ፣ ዘመድ መሐል ታቅፋው የቆመችውን ልጅ አሰበች። ለዚያች ልጅ በጣም አዘነችላት።

ብዙነህ ብዙ ተቀመጠ። አለቀሰ፤ እግሯ ሥር ሊወድቅ ሞከረ፤ ይዛ አስነሳችው። አልሰደበችውም፤ ውጣ አላለችውም። ሲጨንቀው በራሱ ጊዜ ተነሳ፤ ጋቢውን አስተካከለ፤ እስከ በሩ ሄደ። እዚያ ሲደርስ የአሥራ ምናምን ዓመት ልማድ ይዞት ነው መሰል ዞረ። ነገ ሰኞ ነው፤ ቡራዩ ላይ የጀመረው ቤት አለ፤ ኪሱ ውስጥ ያለው እንጨት ባዶ ነው። እጁን ዘረጋና፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በማይለወጠው በዚያ ድምፅ ጠየቃት።

«እታለም... ክሬስ?»

ትናንት አዘጋጅታለት ነበር። ተናድዳም፣ እያለቀሰችም፣ እጇ ልማዱን አልተወም፤ ሁለት አድርጋ አክርራ፣ በሰም አሽታ፣ በስንጥር ጠምጥማ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ብዙነህ ክሩ ምንም የተለየ ነገር እንደሌለው፣ ማንኛውም ሰማያዊ ክር እሳት ካለበት ሽቦ ላይ ቢታሰር ያው እንደሚሠራ፣ አንድ ቀንም አስቦ አያውቅም። እሷም ነግራው አታውቅም።

«ክር ሱቅ ይሸጣል» አለችው።